ስለ ጌሪት ሁይዚንጋ አጭር ክንድና ስለ አዲሶቹ አሰልጣኞች ሰፊ ጥበብ

ለክቡር ሚስተር ድዋይት ኬሰልሪንግ
የቶሌዶ መዶሻዎች የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ በተለይም አንገትዎና ጉልበትዎ፣ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በክለባችን እነዚህ ሁለቱ ደህና የሆኑለት ሰው የሚገኘው ቢሮ ውስጥ ብቻ ነውና።

ባለፈው ሐሙስ ደጋፊዎችን ሰብስበው አዲሶቹን አሰልጣኞች ስላስተዋወቁንና ቋሊማ ስላበሉን ከልብ አመሰግናለሁ። ቋሊማው ጥሩ ነበር። ስለ ቀረው ግን የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከሊጉ መጨረሻ ስለወጣን፣ በሊጉ ደንብ መሠረት ከዩኒቨርሲቲ ከሚመጡት ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ መብት ዘንድሮ የእኛ ሆኗል። ክለቡ ይህን መብት ለማግኘት ምን ያህል እንደደከመ የዓይን ምስክር ነኝ። ኳስ ወርዋሪያችን ኮልቢ ራንክም ድርሻውን ተወጥቷል። ከፊቱ ቆመው ሊከልሉት የሚገባቸው ግዙፎች ባላጋራውን እንደ ሆቴል ዘበኛ በር ከፍተው ሲያስገቡ፣ እርሱ ሁለት ጊዜ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ወጥቷል። ሐኪሞቹ አንድ ጊዜ ከተደገመ መጫወቱ ቀርቶ የእናቱን ስም ማስታወሱም እንደሚያሰጋቸው ተናግረዋል። ልጁ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።

ሁለተኛ፤ ጌሪት ሁይዚንጋ የሚባል የሚሺገን ልጅ አለ። ባለፈው ዓመት ሙሉ ከኋላው የቆመውን ወርዋሪ ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ሚስተር ብሬት ላንዶልፊ ግን "ጎበዝ ነው፤ ክንዱ ግን በአንድ ጣት ያጥራል፤ ለእኔ አጨዋወት አይሆንም" አሉን። በአገራችን ተጫዋች እንደ ጨርቅ በሜትር ተለክቶ እንደሚገዛ አውቃለሁ። ሁይዚንጋን ግን ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ ክንዱ የሚያጥረው ሜትሩ ላይ ብቻ ነው። በእርሱ ፋንታ ሊመርጡልን ያሰቡት ትሬሞን ላስተር የተባለውን ኳስ ተቀባይ ሯጭ ነው አሉ። እጅግ ፈጣን ነው፤ አልጠራጠርም። ኳሱን የሚወረውርለት ሰው በጀርባው ተዘርሮ ሳለ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አልተነገረንም።

ሦስተኛ፤ ይህ "ለእኔ አጨዋወት" የሚሉት ነገር። ያለፉት አሰልጣኝ ለአጨዋወታቸው የሚስማሙ ከባባድ ተከላካዮች አስመርጠው ተባረሩ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ቀጫጭኖችና ፈጣኖች አስመርጠው ተባረሩ። አሁን ሁሉም ለሚስተር ላንዶልፊ አይሆኑም። ክቡርነትዎ ሊያባርሩት ላሰቡት ሰው ልብስ በልኩ ያሰፉና፣ ያንኑ ልብስ ለተተኪው አልብሰው "ምነው አላማረበትም?" ይላሉ። አዲሶቹ አሰልጣኞች ያለፈውን ዓመት ጨዋታዎች አይተው እንደሆነ ብጠይቅ፣ አንዱ ረዳት "ጋሼ፣ ያለፈው አልፏል፤ እኛ የምናየው ወደፊት ነው" አለኝ። ኮልቢንም የጣሉት ከኋላው መጥተው ነው።

አራተኛ፤ የኮልቢ እናት ወይዘሮ ዳርላ ራንክ በዚያው ስብሰባ ተነሥተው "ልጄን ማን ነው የሚከልልልኝ?" ብለው ጠየቁ። ሚስተር ላንዶልፊ ፈገግ ብለው "ማዘር፣ ኳሱን ቶሎ ይልቀቃ!" አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ክቡርነትዎም ሳቁ። ከኋላዬ የነበረ አንድ የወደብ ሠራተኛ "እስቲ አንተ ቁምና ልቀቃት!" ብሎ ሲጮህ ግን ጥያቄና መልሱ አብቅቷል ተባለ። ወይዘሮ ራንክ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ ሁይዚንጋን ይምረጡ። አጨዋወት ከአሰልጣኝ ጋር ይመጣል፣ ከአሰልጣኝም ጋር ይሄዳል። የልጁ ጭንቅላት ግን ተተኪ የለውም።

ለክለቡ ያለኝን ፍቅር ክቡርነትዎ ባለዎት አቅም ሁሉ ጥረው እስካሁን ሊገድሉብኝ ያልቻሉ፣ በዚህም ጽናቴ እኔው ራሴ የማፍር፣

አክባሪዎ
ኒል ብራኒክ
ከስታዲየሙ የምሥራቅ መቀመጫ፣ ቶሌዶ

ተጨማሪ፤ ሯጩን መምረጥዎ የማይቀር ከሆነ፣ ኳስ አያያዝ ከማስተማርዎ በፊት ቃሬዛ አያያዝ ያስተምሩልን። ኮልቢ በወደቀ ቁጥር ከሐኪሞቹ ቀድሞ የሚደርስለት እርሱ ነውና።