ተራ አስከባሪው በማሽን ቤት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ኑሕ ከሊፋ
ቡታጅራ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ያ የጉሮሮ ቁስል ደረቀልዎት ወይ? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል? በርበሬ አይንኩ የተባሉትንስ ይሰማሉ፣ ወይስ እማዬ ዞር ስትል ድስቱን ይጎበኛሉ? አውቅዎታለሁ እኮ! እኔ አልሐምዱሊላህ ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ዛሬስ ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኛል።

በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ግን እማዬ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ስትይዝልዎት ድምፅ ስለሌለዎት መልስ መስጠት እያቃተዎት ሲበሳጩ ከዚህ ሆኜ ይታወቀኛል። ቴክስት ብልክልዎትም ፊደሉ አነሰ ብለው ይተዉታል። ወረቀት ከሆነ ግን መነጽርዎን አድርገው ሦስቴ አራቴ ያነቡታል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ የድሮ ጓደኛዎ ጋሽ ወንድሙ ነገ በሚኒባሱ ያመጣልዎታል።

አምና በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ የጻፉልኝን አልረሳሁም። «አንድ ዓመት። ካልሆነ መጥተሽ ሱቁን ትይዣለሽ» ይላል። እኔም እሺ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዓመቱ የሚሞላው የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ እና ባለፈው ረቡዕ የሆነውን ነገር ልንገርዎት።

መጀመሪያ ግን ሥራዬን በደንብ ላስረዳዎት፣ ምክንያቱም እህቴ ጁወይሪያ እንደነገረችኝ ለጎረቤት ሁሉ «ኮምፒውተር ላይ ታፈጣለች» ብለው ነው የሚጽፉላቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያ ነርስ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ስትልክ ሪፈር ወረቀት መጻፍ አለባት። እርስዎ ያን ጊዜ ለአንድ ወረቀት ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አይረሱትም። አሁን ነርሷ በሽተኛው የነገራትን በአማርኛም በኦሮምኛም እንደመጣላት ትጽፋለች፣ የእኛ የቋንቋ ሞዴል የሚባለው ጽሑፍ የሚጽፍ ፕሮግራም ደግሞ አቀናብሮ ወረቀቱን ያረቅቅላታል። እሷ አንብባ፣ አርማ ትፈርማለች። የሰው ገመና ስለሆነ ውጭ አገር ወዳለ ኮምፒውተር አንልከውም። ሞዴሉ የሚሠራው እዚሁ ኮልፌ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ በላይ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ባሉ ሦስት ማሽኖች ነው። ሁለቱ ጉልበተኞች ናቸው። ሦስተኛው አሮጌ ነው፤ «ሽማግሌው» እንለዋለን። ሁሉም ጂፒዩ የሚባል ለከባድ ስሌት የተሠራ ካርድ አላቸው፤ ሞተራቸው ይበሉት። ከታች የሚነሳው ሰጋቱራ ማራገቢያቸውን እየደፈነ ሲያስቸግረን የሥራ ባልደረባዬ ያደሳ መስኮቱን በአጎበር ሸፈነው። የወባ አጎበር ለኮምፒውተር! ይህን ለእማዬ ያንብቡላት ልል ነበር፤ ያሳይዋት፣ ትስቃለች።

የእኔ ድርሻ ምን መሰለዎት? ከየጤና ጣቢያው የሚጎርፈውን ጥያቄ ለሦስቱ ማሽኖች ማከፋፈል ነው። የትኛው ወዴት ይሂድ፣ ማን ይጠብቅ፣ አንዱ ማሽን ቢታመም ሰልፉ ወዴት ይዙር። አዎ አባዬ፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እንደ እርስዎ ተራ አስከባሪ ሆኜልዎታለሁ። ይሳቁ፣ ተፈቅዶልዎታል።

ግን የማልረባ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። በእኛ ቤት ተራ መዝለል ከስርቆት አይተናነስም አይደል? ወንድሜ ኢብራር ዳቦ ቤት ሰልፍ ጥሶ ገብቶ ዳቦውን እንዲመልስ ያደረጉት ቀን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። እና የማከፋፈያውን ፕሮግራም ስጽፍ ምንም ሳላመነታ ተራ በተራ አደረግኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ ለአንደኛው ማሽን፣ ቀጣዩ ለሁለተኛው፣ ሌላው ለሽማግሌው፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ማንም ማንንም አይቅደም ብዬ። ግንቦት ላይ ሠላሳ ጤና ጣቢያ በአንድ ጊዜ ሲገባ ጉድ ፈላ። ለሽማግሌው ረጃጅም የበሽተኛ ታሪክ ደረሰው፣ ሜሞሪው ጢም ብሎ ሞላ፣ ከኋላው ሰልፉ ተግተለተለ። ሁለቱ ጉልበተኞች ደግሞ ሥራ ፈተው ተገተሩ፤ ተራቸው አልደረሰማ! ነርሶቹ በስልክ አጣደፉን። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሰብሌ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ማሽኖቹ የተገዙበትን ደረሰኝ አውጥተው ማገላበጥ ያዙ። በመጨረሻ፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ የተመዘገቡትን አርባ አንዱንም ጤና ጣቢያ መሸከም ካልቻልን ማሽኖቹን ሸጠን እንበተናለን አሉን።

ወላሂ አባዬ፣ ከዚያ በኋላ ካርቶኑን እያወጣሁ አየው ነበር። ያልሞከርኩት ነገር የለም፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማራገቢያ ልገዛ ጦር ኃይሎች ሄጄ ስመለስ በኮልፌ የሚያልፈው የአስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርዳል። ድሮ እርስዎ ይሠሩበት በነበረው ቦታ የገባው ተራ አስከባሪ ሰው ቆጥሮ ያስገባል፣ በቃ፣ ሌላ አያውቅም። ከፊቴ የነበሩ እናት ሁለት ጆንያ ይዘው ተራቸው ደረሰ ተብለው ገቡ፤ ጆንያው በሩን ዘጋው፣ ወያላው ጮኸ፣ ሰው ወረደ፣ ሰልፉ ቀጥ አለ። ከኋላ ያለው ባዶ ሃይገር አውቶቡስ ደግሞ ተራው አልደረሰም ተብሎ ቆሟል።

ያኔ ትዝ አሉኝ። እርስዎ እኮ ቆጥረው አያስገቡም ነበር። ኮፍያዎን ወደ ኋላ አዙረው፣ እስክሪብቶ ጆሮዎ ላይ ሰክተው፣ ከሰልፉ ራስ እስከ ጅራት እየተመላለሱ ማን ጫፍ እንደሚሄድ፣ ማን መንገድ ላይ እንደሚወርድ፣ ማን ዕቃ እንደያዘ ይጠይቁ ነበር። ዕቃ ያለውን ለሰፊው መኪና፣ ቅርብ ወራጁን ለትንሿ። በየቀኑ የሚመላለሰውን ደግሞ የት እንደሚወርድ ለሚያውቀው ወያላ። መኪና መንገድ ላይ ከተበላሸ ተሳፋሪውን ወደ ሰልፉ ጅራት አይመልሱትም፤ ለሚቀጥለው መኪና ከፊት ያስገቡታል። ሹፌሮቹ ተራችን ተዘለለ ብለው ሲጮሁብዎት፣ ተራው የሰው ነው እንጂ የመኪና አይደለም ይሏቸው ነበር። ከዚያ የሞላውን መኪና ጎኑን በመዳፍዎ ሁለቴ መታ መታ አድርገው «ሳበው!» ይላሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፌርማታው ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ለካ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም። እኔ ጅል፣ የመኪናውን ተራ ነበር የማስከብረው!

ሰልፉን ትቼ በእግሬ ወደ ኮልፌ ተመለስኩ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስገባ ያደሳ ሰው የሞተብኝ መስሎት ብድግ አለ። አስረዳሁትና አብረን እንደ አዲስ ጀመርን። አሁን ማከፋፈያው ጥያቄው ምን ያህል እንደሚረዝም ያያል፣ በየማሽኑ ምን ያህል ቦታ እንደቀረ ያያል፣ ከዚያ ነው የሚያሳፍረው። ረጅሙ ለጉልበተኞቹ፣ አጭሩ ለሽማግሌው። አንዲት ነርስ ስለዚያው በሽተኛ ደግማ ስትጠይቅ ወደዚያው ማሽን ትመለሳለች፤ የተባለውን ስለያዘ ከመጀመሪያው ማንበብ የለበትም። ማሽን ከወደቀም ሰልፉ ለሌሎቹ ከፊት ይገባል።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ አንዱም ገቡ። ወይዘሮ ሰብሌ ክንዳቸውን አጣጥፈው ከኋላዬ ተቀመጡ። እስከ አራት ሰዓት ሰላም ነበር። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ሽማግሌው በሙቀት ድርግም አለ። አባዬ፣ አለቀ፣ ሱቁ ጠራኝ አልኩ። ከቁርኣን ያሲንን መቅራት ጀመርኩ። ስክሪኑ ላይ ግን እሱ ጋ የነበሩት ሰባት ጥያቄዎች ብድግ ብለው የሌሎቹ ሰልፍ ፊት ላይ ገቡ። በቃ! አንድም ነርስ አላወቀችም። የደወለችው አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም ዛሬ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የፈጠነው ብላ ልትጠይቅ። ያደሳ ጠረጴዛውን ሲመታ ቡናው ተደፋ፤ እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሽማግሌው ነፋስ አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ተነሣ።

ጤና ጣቢያዎቹ ለአንድ ዓመት ተስማምተዋል። ማሽን ቤቱን በኃላፊነት ይዣለሁ። ማከፋፈያውን ያደሳ «ኑሕ» ብሎ ሰይሞታል፤ አንድ ጥያቄ ወደ ማሽን በገባ ቁጥር ስክሪኑ ላይ «ኑሕ አሳፈረ» የሚል መስመር ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ስምዎን አነባለሁ።

እንግዲህ አባዬ፣ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ከቃሌ ይልቀቁኝ። ሱቁ እንደሚያደክምዎት አውቃለሁ፣ ድምፅ ሳይኖር ከደንበኛ ጋር መግባባት እንዴት እንደሚያንገበግብ ባላውቅም እገምታለሁ። እዚያ አለመሆኔ ያሳፍረኛል፣ አልዋሽዎትም። ኢብራር ግን ሱቁን ይወደዋል፤ እኔ ይህን እወደዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ እግሯ ሲያብጥ ከፍ አድርጋ ትቀመጥ። ለኢብራር አኩርፋሃለች ብለው ይጻፉለት፣ ደውሎልኝ አያውቅም። ለጁወይሪያ የፈለገችውን ሰማያዊ ሻሽ በጋሽ ወንድሙ እጅ ልኬላታለሁ፤ ወሬ ስላቀበለችኝም ምንዳዋ ነው። ዱዓችሁ አይለየኝ።

የፊታችን አርብ ከጁምዓ በኋላ እደውላለሁ። እማዬ ስልኩን ትያዝ፣ እርስዎ ምንም ለመናገር አይልፉ። የሱቁን የቆርቆሮ በር እንደ ድሮው መኪና በመዳፍዎ ይምቱልኝ። አንዴ ከመቱ ልብሴን ሸክፌ እመጣለሁ፤ ቃሌን አልበላም። እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ዊዳድ ኑሕ
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.