በጥላ ሥር የተፈረደባት ፀሐይ

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1930 ዓ.ም.

ውድ ገብረኪዳን፣

«ፀሐይ ውሃ እንደማታፈላ በሽማግሌዎች ፊት ተረጋግጧል። ስለዚህ ያለ ማገዶ ፈቃድ የበሰለ ምግብ በቤቱ የተገኘ ሰው ሁሉ፣ እንጨቱን ከጉና ሽፍቶች እንደተቀበለ ይቆጠራል። ሙላቴ የተባለው ሰው ግን አእምሮው የታወከ ስለሆነ አይጠየቅም።»

ይህን የጻፍከው አንተ ነህ። ማኅተሙ የካፒቴኑ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የአንተ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ቆሜ አነበብኩት፤ ተሳስቼ አንብቤ እንዳይሆን ደግሜ አነበብኩት። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከሦስቱ አንድም እውነት የለበትም።

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት አንጀቴ ራርቶልህ አይደለም። ከወጣትነታችን ጀምሮ እንዲህ ብዬ ስጽፍልህ ስለኖርኩ እጄ ሌላ መጀመሪያ አያውቅም። ደግሞም ይህን ደብዳቤ ለአንተ ብቻ አልጻፍኩትም። ግልባጩን ማንበብ ለሚፈልግ ሁሉ ሰጥቻለሁ። አንተ ስሜን በአደባባይ ለጥፈህ እኔ መልሴን በሹክሹክታ የምሰጥበት ምክንያት የለም።

ግልባጩ የሚደርሰው ሰው ነገሩን ከሥሩ እንዲያውቅ፣ አንተ የምታውቀውን ልድገመው። የጣሊያን ጦር ከተማችን ከገባ ወዲህ ወደ ጉና የሚወጣው መንገድ ለእንጨት ለቃሚ ተዘግቷል። እንጨት ያለው በካፒቴኑ ግቢ ነው፤ ፈቃዱን የምትጽፈው አንተ ነህ። ፈቃድ የምትፈልግ ሴት በፊትህ ቆማ ባሏና ወንድሞቿ የት እንዳሉ መናገር አለባት። ኩበት እናንድድ እንዳንል ከብቱ ለጦሩ ቀለብ ታርዶ አልቋል። ጎረቤቴ ትርንጎ ባሏ ጌጡ ከቤት ከወጣ ዓመት አልፎታል። የት እንዳለ ስትጠይቃት፣ «አንተ ካገኘኸው ሰላም በልልኝ» አለችህ። ፈቃዱን ከለከልካት። ከዚያ ወዲህ ልጆቿ ውሃ የነካው ሽምብራ ሲቆረጥሙ ሰነበቱ። ጌጡ የት እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ባውቅም አልነግርህም።

የፀሐይ ምድጃውን የሠራሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከቤንዚን ጣሳ የተቀጠቀጠ ቆርቆሮ፣ እንደ ሰፌድ ጎድጎድ ያለ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ በአመድ የታሸ። ፀሐይዋን ሰብስቦ መካከሉ ላይ ወደ ተቀመጠ፣ ጥቀርሻ ወደ ለበሰ ድስት ይመልሳታል። አስማት የለበትም። አዲስ ግኝትም አይደለም፤ ከየት እንዳመጣሁት ከማንም ይልቅ የምታውቀው አንተ ነህ።

በፈረንጅ አገር ዩኒቨርሲቲ ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ተማሪውን ሁሉ ወደ ጣሪያ ያወጣበትን ቀን አስታውስ። ብርድ ነበር። የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል የመዳብ ጎድጓዳ መስታወት ቆሟል። ደመናው ለጥቂት ጊዜ ገለል ሲል ውሃው ፈላ። ሁሉም አጨበጨበ፤ አንተ አላጨበጨብክም። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዘህ፣ «እነዚህ ሰዎች ፀሐይን እንደ እንግዳ እያዩዋት ይህን ሠሩ። እኛ ዘንድ እንዲያው ስትፈስ ትውላለች፤ እናቶቻችን ግን እስኪጎብጡ እንጨት ይሸከማሉ» አልከኝ። ከእኔ የተሻልክ ሰው እንደሆንክ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። አልነገርኩህም። ስንመለስም፣ እናትህ እመት ጥሩወርቅ ያረፉ ጊዜ፣ የጎበጠ ጀርባቸው አልቃና ብሎ ገናዦቹ ሲቸገሩ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ያኔም ዝም አልኩ። አሁን ግን እናገራለሁ፦ የእኒያ እናት ልጅ የማገዶ ፈቃድ ጸሐፊ ሆኖ ማየት ከጣሊያን መምጣት ይልቅ ገርሞኛል።

የምድጃው ወሬ ሲሰማ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሽማግሌ ይየው ያልከው አንተ ነህ። እኔም ተስማማሁ፤ ለምን አልስማማም? ካፒቴኑ ወንበር አስወጥቶ ሊስቅ ተቀመጠ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሸንጎው በትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ምድጃውን የማኖርበትን ቦታ በጣትህ አሳየኸኝ፤ ከዛፉ በስተ ምሥራቅ፣ ለጊዜው ፀሐይ ያለበት። እኔ ሁላችንም ወደ ሜዳው እንውጣ አልኩ።

«ሰማችሁ?» አልክ ድምፅህን ከፍ አድርገህ። «ሙላቴ ሽማግሌዎቹን እንደ ብቅል ሊያሰጣቸው ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የሸንጎው ዳኛ ግራዝማች በላይነህ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «ሸንጎ በጥላ ነው የሚቀመጥ። ካባቶቻችን ያየነው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ አንነሣም» አሉ። ለሽማግሌ የሚገባውን ክብር አንተም እኔም እናውቃለን። ልዩነታችን አንተ ክብራቸውን መጋረጃ ማድረግህ ነው።

ክርክሩ ጥሩ ክርክር ነበር፤ ይህን አልክድም። የቅኔው መምህር ጥበቡ ቀድመው ተነሡ።

«እግዚአብሔር ፀሐይን ለጻድቁም ለኃጥኡም ያወጣታል። ወጥ ሥሪ ብሎ ግን አላወጣትም።»

ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። «የኔታ፣ በርበሬ ስናሰጣ ዝም ይላሉ። ጌሾ ስናደርቅ ዝም ይላሉ። ድስት ሲጣድባት ነው ፀሐይ የምትረክሰው?»

«አንቺ ሴት፣ ከመምህር ጋር አትሟገቺ» አሏት ግራዝማች።

«አልተሟገትኩም ጌታዬ፣ ትምህርት እየጠየቅሁ ነው።»

መምህር ጥበቡ ጺማቸውን ይዘው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። ቀጥላ ጠላ ሻጭዋ ብዙነሽ ወገቧን ይዛ መጣች።

«ጋሼ ሙላቴ፣ ክረምትስ? ጉም ሲውጣት በምን ጎትተን እናወጣታለን?»

«ክረምት እንጨት ያስፈልጋል» አልኳት። «ማታም ያስፈልጋል።»

«እንጀራስ?»

«እንጀራ አይጋገርበትም።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ምኑን ምድጃ ሆነ?»

«ወጥ ይሠራል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። በበጋ ግማሹን ሸክም ያስቀርልሻል።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ግማሹ ከቀረልኝስ ወገቤ አይከሰኝም» ብላ ተቀመጠች። ከተናገሩት ሁሉ ነገሩን በልኩ ያስቀመጠችው እሷ ናት። እኔ ከዚያ በላይ ቃል አልገባሁም። ፀሐይ ሁሉን ትሠራለች ብዬ አላውቅም፤ የማትሠራውን እንኳ ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነኝ፤ አታላይ የምታስመስለው ይህን ሰው ነው።

እንዲህ ስንነጋገር ድስቱ ሺ ማለት ጀመረ። ከክዳኑ ሥር ቀጭን እንፋሎት ወጣ። አይተኸዋል። ዓይንህ ከድስቱ ወደ ዛፉ ጫፍ፣ ከዛፉ ጫፍ ወደ መሬት ሲሄድ እኔ አንተን እያየሁ ነበር። ከዚያ ተነሥተህ መናገር ጀመርክ። ስለ መንገዱ ተናገርክ። ስለ ድልድዩ፣ በሞተር ስለሚበራው የካፒቴኑ መብራት፣ ሥልጣኔ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ እንደሚመጣ ተናገርክ። ያን ያህል ስትናገር ሰምቼህ አላውቅም። ከቀትር በኋላ የዛፍ ጥላ ወደ ምሥራቅ እንደሚረዝም ግን ሁለታችንም ከመማራችን በፊት እናውቃለን።

ጥላው የምድጃውን ከንፈር ሲነካ፣ «ወደ ፀሐይ ላውጣው» አልኩ።

«አይሆንም!» አልክ። «በዳኛ ፊት የቀረበ ዕቃ ፍርድ ሳይሰጥ አይነካም። ሥርዓቱን ታፈርሳለህ?»

ሥርዓቱ እውነት ነው። የቆመው ግን ክርክር ለተነሣበት በሬና ለተሰረቀ ኮርቻ ነው፤ ባለቤት ነኝ ባይ ሌሊት እንዳይነዳው። ግራዝማች በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ሰበሰብኩ። ጥላው ድስቱን ዋጠው። ሺ ማለቱም ቆመ። አንተም ያን ጊዜ ንግግርህን ጨረስክ። ግራዝማች ጣታቸውን ነክረው፣ «ሞቋል፤ አልፈላም» አሉ። እሳቸውን አልወቅስም፤ የቀረበላቸውን ፈረዱ። ካፒቴኑ አዘዘኝ እንዳትለኝ ደግሞ። ካፒቴኑ ከአማርኛ «ና» እና «ሂድ» ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የጥላ አካሄድና የሸንጎ ሥርዓት ከአንተ በቀር የነገረው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ስድቡን እችለው ነበር።

ትናንት ሰኞ ትርንጎ በግቢዋ ፀሐይ ላይ ምስር ጥዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ምድጃውን ፀሐይ በዞረችበት እያዞርኩ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅዳሴ ወጥቶ ጾመኛው ሲመለስ ምስሩ በስሎ ነበር። መምህር ጥበቡ በአጥሩ በኩል አይተው ገቡ። ትርንጎ በቁራሽ እንጀራ አቀረበችላቸው። አላመጡ፣ አላመጡና፣ «ጨው ያንሰዋል» አሉ። እጃቸው ግን ወደ ምስሩ ተመለሰ። ልጆቿ ትኩስ ነገር በአፋቸው ይዘው ሲተያዩ የነበረውን አልጽፍልህም፤ አይገባህም።

የላክሃቸው ወታደሮች ሲደርሱ ድስቱ አልበረደም። ግቢውን አመድ ፍለጋ በረበሩት፤ አላገኙም።

«እንጨቱን ከየት አመጣሽው?» አላት አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ።

«ምን እንጨት? ያውልህ፣ ቆርቆሮውን እየው።»

«ፀሐይ እንደማታፈላ ተፈርዷል። ምስሩ ግን በስሏል። እንጨት ነበረሽ ማለት ነው።»

«አመዱስ የታለ?»

«ደብቀሽዋላ!»

«አንተ ልጅ፣ እናትህ አመድ ስትደብቅ አይተሃል?»

አሰሯት። ምድጃውን ረግጠው አጣመሙና ጫኑት። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ፣ ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩኝ አልኩ። አስተርጓሚው ዓይኔን ሳያይ፣ «እብድ አይታሰርም ብለዋል ጌቶች» ብሎ በትከሻው ገፍቶኝ አለፈ።

ይህን የጻፍከው ለእኔ አዝነህ ይሆናል። ምናልባት በልብህ፣ እብድ ብዬ አዳንኩት ትላለህ። እንግዲህ ስማኝ። እኔ እብድ ካልሆንኩ ምድጃው ይሠራል። ምድጃው ከሠራ ትርንጎ እንጨት አልተቀበለችም፤ እንጨት ካልተቀበለች የታሰረችበት ነገር የለም። እኔን ያወጣህበት ቃል እሷን የቆለፍክበት ነው። እንዲህ ያለ ምሕረት አልቀበልም። ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ሊወስዷት እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ከሰፈራችን ወደዚያ ከተወሰዱት መካከል የተመለሰ የለም። ልጆቿ ብዙነሽ ቤት ናቸው። እናታቸውን በምን ጥፋት እንደወሰዷት ሲጠይቁ ምን ይባሉ? ምስር ቀቀለች?

ስለዚህ የምፈልገውን በግልጽ እነግርሃለሁ። አዋጁን ለመለጠፍ እንደተጠቀምክበት ባለ ወረቀት ላይ፣ «ውሃው ሊፈላ ሲል የዛፍ ጥላ ጋረደው። ምድጃው ወደ ፀሐይ እንዳይወጣ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ ውሃ ታፈላለች» ብለህ ጻፍ። ከዚህ አትጨምር፣ አትቀንስ። እዚያው ደጀ ሰላም ላይ ለጥፈው፣ አንዱን ለካፒቴኑ በቋንቋው አንብብለት። ሐሰቱን የተረጎመለት አንደበት እውነቱንም ይተረጉምለታል።

ይህን ካላደረግህ ቅዳሜ ቀትር ላይ በገበያው ሜዳ፣ አንድም ዛፍ በሌለበት፣ ግራዝማች በላይነህን በጃንጥላ ሥር አስቀምጬ ምስር እጥዳለሁ። ጠይቄያቸዋለሁ፤ «እመጣለሁ» ብለውኛል። ምድጃዬን ወሰዳችሁ እንጂ የከተማውን ቆርቆሮ አልወሰዳችሁም። ከእሑድ ጀምሮ ስንት ሴት አመድ ይዛ ጣሳ ስታሽ እንደዋለች አልነግርህም፤ ስማቸውንም አትጠይቀኝ። የበሰለውን ለገበያተኛው ሁሉ አድላለሁ። ያን ጊዜ በአዋጅህ መሠረት የበላውን ሁሉ ታስራለህ፤ ሰኞ የበሉትን መምህር ጥበቡንም ጨምር። ወይም እኔን ታስራለህ፤ ስታስረኝም አእምሮዬ ደኅና መሆኑን በሕዝብ ፊት ትመሰክርልኛለህ። የወደድከውን ምረጥ። እኔ ከቤቴ አልሸሽም፤ በሩን ታውቀዋለህ።

መልስህን እስከ ዓርብ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ። ሽማግሌ አትላክብኝ፣ «አረጋጉት» ብለህ ዘመድ አታስቸግር፤ በአፍ የመጣ መልስ አልሰማም። በጽሑፍ ይሁን፤ በራስህ እጅ፤ ከሥሩም የካፒቴኑ ማኅተም ሳይሆን የራስህና የአባትህ ስም ይኑርበት።

ሙላቴ ደምሴ