የናሙና ቁጥር አራት ባለቤት፣ እታለም

እታለም በ1947 ዓ.ም. ጥቅምት 9 ቀን ሰዓት ጠጋኝ ከሆኑ አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከሆኑ እናታቸው ተወለዱ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነበረች፤ ግማሹን የአባታቸው ጠረጴዛ ይዞታል፣ ግማሹን የእናታቸው የስፌት መኪና፣ እታለም መሃል ላይ። እታለም የሚላቸው አባቴ ነው፣ ማለቴ ታናሽ ወንድማቸው፤ እኔ ከእሱ ቀዳሁት፣ ሰፈሩ ከእኔ ቀዳው፣ በቃ የሁሉም እታለም ሆኑ። እኔ የወንድማቸው ልጅ ነኝ፣ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ግማሽ ገጽ ጻፊ ተብዬ ነበር። አልቻልኩም፣ ይቅርታ።

በ1954 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። ከክፍል ሲመለሱ ከአባታቸው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክከው የጠፋች ብሎን ይፈልጋሉ፣ እና ሁሌም ያገኟታል፤ አባታቸው "የዚች ልጅ ዓይን መርፌ ነው" ይሉ ነበር። በ1966 ሁለተኛ ደረጃን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆነው ጨረሱ፣ በ1970 በፊዚክስ ተመረቁ፣ በ1971 የብረታ ብረት ምርምር ተቋም ተቀጠሩ። በ1976 ከተቋሙ የቶርኖ ሠራተኛ ጋር ተጋቡ። ባለቤታቸው እንደሚሉት እታለም መጀመሪያ ያናገሯቸው "ይሄ የእርሳስ ብረት ግማሽ ሚሊ ይበልጣል፣ መልሰው ይሞርዱት" ብለው ነው። ሞረዱት፣ ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም፤ አባቴን ግን እናታቸው ከታመሙ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ እኔንም ግማሽ በግማሽ።

አሁን ስለ ሥራቸው ልናገር ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ያልገባው ሰው እታለምን አያውቃቸውም።

የሚሠሩት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እንደ ኮሪደር የረዘመች፣ መስኮት የሌላት ክፍል። መሃል ላይ ጨረር እንዳይወጣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ሳጥን አለ፣ ሳጥኑ ውስጥ የጥፍር ያህል ብረት፣ ብረቱ አጠገብ ፖዚትሮን የሚተፋ ነገር። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን መንትያ ነው፣ ግን ተቃራኒው። ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ፣ በቦታቸው ሁለት ጨረር ጀርባና ጀርባ ሆኖ ይወጣል። ኤሌክትሮኑ ቆሞ ቢሆን ጨረሮቹ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር፤ ብረት ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን ግን ይሮጣል፣ ስለዚህ መስመሩ ከፀጉር ቅጥነት ባነሰ ይታጠፋል። እታለም ክፍሉ ዳርና ዳር ላይ በተተከሉ ሁለት መቁጠሪያዎች ያቺን መታጠፍ ይለኩ ነበር። በአንድ ብረት ላይ ሦስት ሳምንት ይቆጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ ኮረብታ የመሰለ አንድ መስመር ይወጣል። ኤሌክትሮኖቹ እንዴት እንደሚሮጡ ከኮረብታው ይታወቃል። እኔ ይሄን ስሰማ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እና ማንም ተረት ቢነግረኝ አልሰማ አልኩ።

አንድ ነገር ግን አለ። ፖዚትሮን ባዶ ቦታ ይወዳል። ብረቱ ከተጨመቀ ወይ ከታጠፈ ውስጡ ጥቃቅን ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ፖዚትሮኑ እዚያ ይወድቅና የጉድጓዱን ወሬ ብቻ ያወራል፣ ኮረብታው ይቀጥናል። እንደዚህ የተጎዳ ብረት ምድጃ ገብቶ፣ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ፣ እንደገና ነው የሚቆጠረው።

የተቋሙ ኃላፊ ባለ ከረባቱ ይባላል። አንቱታዬን ለእታለም ጨርሼዋለሁ፣ ለእሱ የሚተርፍ የለኝም። በ1983 ዓ.ም. እንግዶች ይዞ ምድር ቤት ወረደና ናሙና ቁጥር አራትን፣ ጥቂት ዚንክ የገባበት መዳብ ነው፣ በገዛ እጁ መያዣው ላይ አሰረው። ብሎኑን ሲያጠብቀው እታለም አዩ።

"ኃላፊ፣ ብረቱ ታጠፈ። ወደ ምድጃ ይመለስ" አሉት።

"ብረት ነው እኮ፣ የኔ እመቤት፣ እንቁላል አይደለም" አለ፣ እንግዶቹ ሳቁ። "አንቺ ዝም ብለሽ ቁጠሪ።"

ቆጠሩ። ደብተራቸው ላይ "ቁጥር አራት፣ የታጠፈ፣ ለማወዳደሪያ ብቻ" ብለው ጻፉ። ቀጥለው ምድጃ ከተቱት፣ ሌላ ሦስት ሳምንት ቆጠሩ፣ ሁለቱን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ። በዚያው ሰሞን እናታቸው አረፉ፣ እታለም ሊቀብሩ ሄዱ። ሲመለሱ መሳቢያው ውስጥ አንድ ወረቀት ቀርቷል። ባለ ከረባቱ ሌላውን አሳትሞታል፣ በራሱ ስም ብቻ፤ "መዳብ ውስጥ ዚንክ ሲገባ ኮረብታው ይቀጥናል፣ ይህን የደረስኩበት እኔ ነኝ" ብሎ። የወሰደው ቀጭኑን ነው፣ ቁመናው ስላማረው። ዚንኩ ምንም አላደረገም። ያቀጠነው የእሱ ብሎን ነው።

እታለም ቢሮው ገብተው "ስሜስ?" አሉት።

"ያንቺ ሥራ ማሽን መጠበቅ ነው። ማሽን ጠባቂ መቼ ስሙ ሲጻፍ አየሽ?"

"እሺ" ብለው ወጡ። ብሎኑን አላነሱበትም። ባለቤታቸው "ለምን አልነገርሽውም?" ሲሏቸው "አንዴ ነግሬዋለሁ። እስቲ ይቁምበት" አሉ። ሆድ ይፍጀው ብለው ዘጉት። እሱ በዚያ ቀጭን ኮረብታ ሜዳሊያ ወሰደ፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ሰቀለው፣ በሁለተኛው ዓመት እታለምን ከምድር ቤቷ አውጥቶ ዕቃ ግምጃ ቤት መደባቸው። መጥረጊያ ቆጥረው የሚያስረክቡ ሆኑ። በ1985 ለቀቁ፣ ደብተራቸውን ይዘው።

ከዚያ እስከ 2007 ዓ.ም. ጡረታ ድረስ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው ዛሬ እዚህ አላችሁ፣ የላብራቶሪ ደብተር ላይ ቀን ያልጻፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ።

በ2015 ዓ.ም. ሳንባቸውን ታመሙ። በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ ያሉ ወጣት ተመራማሪዎች ያንኑ ዓይነት ብረት በንጹሕ ምድጃ አሳልፈው ቢቆጥሩት ኮረብታው አልቀጥን አላቸው። ለባለ ከረባቱ "የመጀመሪያውን መዝገብ ላክልን" ብለው ጻፉለት። መዝገብ የለውማ። ባለፈው መጋቢት አንድ ፌስታል ብርቱካን አንጠልጥሎ ቤት መጣ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ እና ዘግቼበት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አልዘጋሁም፣ ምክንያቱም እታለም ከአልጋቸው ቀና ብለው "አስገቢው፣ አስገቢው" አሉኝ፣ ፊታቸው በርቶ።

"እህቴ፣ እንደው ያ የድሮ ደብተር ካለ" አለ።

"የቱን ናሙና ፈልገህ ነው?"

"ቁጥር አራትን።"

"የትኛውን አራት?"

ብርቱካኑን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የወሰደው የታጠፈውን ይሁን ከምድጃ የወጣውን እንኳን አያውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሜዳሊያ የተሸለመበትን ብረት አያውቀውም። እታለም ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ፤ እኔ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

"ደብተሩ ይደርስሃል" አሉት። "ሰው በተሰበሰበበት ይደርስሃል። ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ፣ ሐኪም ከልክሎኛል።"

ሐኪም አልከለከላቸውም። ብርቱካን ይወዳሉ።

እታለም በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 3 ቀን ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ዐረፉ።

አባቴ ይሄን ጽሑፍ አንብቦ "ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው" አለኝ። እኔም "አባዬ፣ ሳሉ የኔ ይሁን፣ ስርቆቱ ግን የሱ ነው" አልኩት። ባለቤታቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ "ይታተም" አሉ፣ ደብተሩንም ራሳቸው አምጥተው ገጹን ከፈቱልኝ። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለውን ወረቀት ገልብጡት። ጀርባው ላይ ያለው የእታለም እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀኑ፣ የምድጃው ሙቀት፣ የብሎኑ ነገር፣ ሁለቱም ኮረብታዎች ጎን ለጎን። ለእነዚያ ወጣት ተመራማሪዎችም ትናንት ልከንላቸዋል፣ የባለቤትነቱ ቦታ ላይ የእታለምን ሙሉ ስም ጽፈን።

ባለ ከረባቱ በተቋሙ ስም የሐዘን ንግግር ላድርግ ብሎ ጠይቆ ነበር። ፈቅደንለታል። ተራው ከዚህ ንባብ ቀጥሎ ነው።

እታለም ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ እኔን፣ እና በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቀን መጻፍ ያስተማሯቸውን ተማሪዎች ሁሉ ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት፣ መስኮቱ ሰፊ በሆነ ቦታ ያሳርፍልን። እኛን ያጽናን። ለባለ ከረባቱ ደግሞ ጤናና ረጅም፣ በጣም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ ያቺን ገጽ በየቀኑ ያንብባት።