የእኔ ቄስ በቆቦ የለም

እሑድ፣ የካቲት 4 ቀን 2004 ዓ.ም.፤ ቆቦ

ልጄ ለሥራ ወደዚህ ሲዛወር ተከትዬው ከመጣሁ ወር ሞላኝ፤ እስካሁን አንድ ቅዳሴ አልሰማሁም። ዛሬ አንዱን የባጃጅ ሹፌር ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አሳምሬ ነው የማውቀው፣ እናቴ» አለና ጊታር የሚመታበት የቆርቆሮ አዳራሽ በር ላይ አወረደኝ። የጴንጤዎች ነው። አንዲት ሴት ልታቅፈኝ እጇን ስትዘረጋ ዞር ብዬ ወጣሁ። ያስተማሩኝ መነኩሲቶች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማሳልን እንኳ አይፈቅዱም ነበር።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ደርሷል። አከራያችን ወይዘሮ አልማዝ የግቢውን በር ይዛ ቆማለች።

«ለካ ጴንጤ ነዎት፣ እማማ።»

«ካቶሊክ ነኝ።»

«ያው ነው። ማርያምን አትወዱም።»

ለእመቤታችን የምጸልይበትን መቁጠሪያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው።

«ይሄማ የእስላም ነው። መስቀሉን ማን አንጠለጠለበት?»

ከእጇ ነጠቅኋት። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እናንተ ዕድር የምትሉት ቅሬያችን ሬሳ የሚሸኘው ወደታወቀ ቦታ ነው። እርስዎን ወዴት እንውሰድዎ? እዚህ ቄስ የለዎት፣ ሼህ የለዎት።»

«ገና አልሞትኩም» አልኋትና ገባሁ።

ምሳ ላይ ለልጄ ነገርኩት። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «የትም ቢሆን አፈር ነው፣ እማዬ» አለኝ። እኔ ያስተማርኩት ይህን አልነበረም።

ቅዳሜ ደሴ እሄዳለሁ። እዚያ ያሉትን ካቶሊክ ቄስ ፈልጌ፣ ብሞት እዚህ ድረስ መጥተው ይቀብሩኝ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። እስከዚያ መታመም የለብኝም፤ አልማዝ ደስ ይላታል።