ለፎቶው ብዬ ያጠብኩት እጅ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽና ፎቶሽ ማክሰኞ ደረሱኝ። መልሱን ያኔውኑ ጀመርኩት፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ፎቶው ላይ ከመኪናው አጠገብ ቆመሽ ትስቂያለሽ። የመካኒክ ቱታው ሰፍቶሻል። እኔ ግን ፊትሽን አይቼ ሳልጠግብ ዓይኔ ወደ እጅሽ ወረደ። የቀኝ አውራ ጣትሽ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄጄ መነጽሯን ተዋስኩና ደግሜ አየሁት። የእጅሽ ጀርባ ቀልቷል፤ መገጣጠሚያው ላይ ቆዳሽ ተሰነጣጥቋል። ልብስ ሰፊዋ፣ “መነጽሬን በዓይንሽ ጨረስሽው፣ ልጅቷ ያለችው ፊቷ ላይ ነው፣ እጇ ላይ ምን ትፈልጊያለሽ” ብላ ቀለደችብኝ። መሳቅ አቃተኝ።

ከጨርቁም በላይ ያስፈራኝ የመጨረሻው መስመርሽ ነው። “በወሩ መጨረሻ ስመጣ እጄን ፍትግ አድርጌ አጽድቼ ነው፤ አታፍሪብኝም” ብለሻል። ምክንያቱን ከነገርኩሽ እንዳትጠዪኝ እፈራለሁ። ካልነገርኩሽ ደግሞ የሚመጣውን እፈራለሁ።

ወንድምሽን የገደለው፣ ጋራዥ ውስጥ እጁን ቧጭሮ የመረዘው ብረት እንደሆነ ነው የምታውቂው። እንደዚያ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ውሸት ነው ልጄ።

የተመረቅሽ ዕለት አንቺ ጠዋት ቀድመሽን ወጣሽ። እኛ ልንከተልሽ ስንል ወንድምሽ ኮቱን ለብሶ መጣ፤ እጁን አየሁት። ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው፣ የመዳፉ መስመሮች ግራሶ ጠጥተዋል። ያ እጅ ፎቶ ላይ ነጩ ልብስሽ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ታየኝ። “በዚህ እጅህ ከእህትህ ጋር ፎቶ አትነሣም” አልኩት። ለአንቺ የትምህርት ክፍያ ሲል የጠቆረ እጅ መሆኑን እያወቅኩ ነው ያልኩት።

እሱ እጁን በዘይት ነበር የሚያጸዳው፤ ጊዜ ይፈጅበታል። ያን ዕለት ግን ረፍዶብን ነበር። ጎትቼ ወደ ማጠቢያው ወሰድኩት፣ በረኪና አፈሰስኩበትና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈገፈግኩት። ሃያ አራት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሕፃን እጁን ሰጠኝ። “እማዬ፣ ድስት አደረግሽኝ እኮ” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቆዳው ተልጦ ደም ደም ሲል፣ ይደርቃል አልኩት።

በማግስቱ በዚያው በተላጠ እጅ ሥራ ገባ። አሮጌ ዘይትና የመኪና ሥር ጭቃ ገባበት። በሦስተኛው ቀን እጁ አበጠ፤ ቀይ መስመር ወደ ክንዱ ወጣ። ሐኪም ቤት ልሂድ ሲለኝ፣ ነገ ይሻልሃል ብዬ ቅባት ቀባሁት። ምን ነካው ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ሲሆን ወሰድኩት። ሐኪሙ ምን እንደነካው ጠየቀኝ። ወንድምሽ አየኝና፣ “ብረት ነው ዶክተር፤ ብረት ቧጨረኝ” አለ። እኔን ለማዳን ዋሸ። እኔ ደግሞ ያንን ውሸት ተቀብዬ ለአንቺ አወረስኩሽ።

ረቡዕ ዕለት ከወንድምሽ ጋር ይሠሩ የነበሩት፣ ጋሽ ብሎን የምትሏቸው ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄጄ ነበር። ወንድምሽ እጁን እንዴት ያጸዳ እንደነበር በትክክል ልጠይቃቸው ብዬ ነው፤ ተሳስቼ እንዳልጽፍልሽ። እያንዳንዱን ነገር በራሳቸው እጅ አሳዩኝ። ሲጨርሱ አመስግኜ ልወጣ ስል፣

“እጁን አይቼው ነበር” አሉኝ። “ብረት እንደዚያ አይልጥም።”

ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

“እናቴን እንዳይነኩብኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። አንቺ ግን ለልጅቷ ንገሪያት፤ እሷም እኮ እጅ አላት።”

እንግዲህ ነገርኩሽ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። ጣትሽን ዛሬውኑ ለሐኪም አሳዪው። ቀይ መስመር ካየሽ ይህን ወረቀት ጥለሽ ሩጪ፤ ምን ነካሽ ሲሉሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ቆዳሽ እስኪድን ያለ ጓንት ግራሶ አትንኪ። ከዚያ በኋላ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት እጅሽን ቫዝሊን ተቀቢ፣ ጥፍርሽንም ደረቅ ሳሙና ላይ ቧጠጥ ቧጠጥ አድርጊው፤ ሳሙናው ቦታውን ከያዘ ግራሶ አይገባም። ስትጨርሺ ውኃ ከመንካትሽ በፊት፣ በደረቅ እጅሽ ላይ የምግብ ዘይት አፍስሺና ቀስ ብለሽ እሺው። ጥቁሩ በዘይቱ ሲሟሟ በጨርቅ ጥረጊው። ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፣ አድርቂው፣ ቫዝሊን ተቀቢ። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ በረኪና አጠገብሽ አይድረስ። ሽቦ ለድስት ነው። የቀረው ጥቁር ካልለቀቀ ይቅር። ወንድምሽ፣ ግራሶ ሲለምኑት እንጂ ሲጣሉት አይወጣም ይል ነበር።

የምረቃሽ ፎቶ አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። የወንድምሽ እጅ ትከሻሽ ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ከዚህ ቤት ዕቃ ሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ላወርደው እነሣና መልሼ እቀመጣለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር የአንቺን ወሬ ይዘው የመጡ እየመሰለኝ ቶሎ አልከፍትም።

ስትመጪ ሳታጸጂው ነይ። እንደጠቆረ ነይ። የዘይቱን ጠርሙስ ማጠቢያው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ከፈቀድሽልኝ እጅሽን እኔ አሽልሻለሁ፣ ቀስ ብዬ፣ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይፍጅ። እጅሽን ለእኔ መስጠት ከፈራሽም አልቀየምሽም። በሩ ላይ ቆሜ ስትታጠቢ አይሻለሁ።

የጣትሽን ወሬ እስክሰማ እንቅልፍ የሌላት
እናትሽ