ባለቤት የለውም ስለተባለው ድስት

ለተከበሩ የተማሪዎች ማደሪያ ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ምሳዎ ሰዓቱን ሳያዛንፍ እየደረሰልዎት፣ ከምሳ በኋላም መጋረጃው ተጋርዶ ዕረፍትዎን እያገኙ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ሦስተኛውን ፎቅና የእርስዎን ቢሮ የማጸዳው ሠራተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ መግቢያው ላይ ካለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። በታሸገ ፖስታ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር፤ ሦስቱንም እንደታሸጉ ከቅርጫትዎ ያወጣኋቸው እኔው ስለሆንኩ፣ ፖስታ በመክፈት ዳግመኛ ላደክምዎት አልፈለግኩም።

አንደኛ፤ ስለ ሦስተኛው ፎቅ ማብሰያ ክፍል ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሁለት ምድጃ ነበረው፤ አንደኛው ይሠራ ነበር። አሥራ አንዱ የፎቁ ተማሪዎች ተራ ሲጠብቁ፣ የመጨረሻዋ ባለተራ ውሃዋ ሳይፈላ የክፍሉ መዝጊያ ሰዓት ይደርስባት ነበር። ስለዚህ በዕረፍት ቀኔ፣ እሁድ እሁድ፣ ትልቁን ድስቴን ከቤት ይዤ እየመጣሁ የሳምንቱን ምግብ በአንድ ጊዜ ማብሰል አሳየኋቸው። ከባድ አይደለም፤ እርስዎም ቢሞክሩት አያቅትዎትም። ሽንኩርቱ በትንሽ እሳት፣ ቀጥሎ ቲማቲም፣ ከዚያ ምስርና ድንች፣ ጨው በመጨረሻ። ግማሹ እንዳለ ይበላል፤ የቀረው ረቡዕ ዕለት ከሩዝ ጋር ሲደባለቅ ሌላ ምግብ ይመስላል። ዋናው ነገር ሳይቀዘቅዝ አለመክደን ነው፤ ትኩሱን የከደኑት በማግስቱ ይኮመጥጣል። ይህን ያወቅሁት ብዙ ድስት ደፍቼ ነው።

ሕግ የሚያጠናው ረጅሙ ልጅ ድንች ሲልጥ ግማሹን ከልጣጩ ጋር ስለሚጥለው፣ ጓደኞቹ «ድንቹ ይግባኝ ብሏል» ይሉት ነበር። የአንደኛ ዓመቷ ባለመነጽር ደግሞ እንፋሎቱ መነጽሯን እየሸፈነባት፣ «እትዬ፣ ሽንኩርቱ ቀላ ወይስ ገና ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የምትበላ ልጅ ነበረች፤ ያም አንዱ ከዚያ ድስት ነበር።

ሁለተኛ፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የባለቤቱ ስም ይጻፍበት የሚለውን መመሪያዎን እናከብራለን። አክብረንም የአሥራ አንዱንም ስም በወረቀት ጽፈን ድስቱ ላይ ለጠፍን። የማደሪያው ተቆጣጣሪ ሁሉንም በትዕግሥት ካነበበ በኋላ የቁጥጥር ቅጹ ላይ ያለው የስም ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን አስረድቶ፣ «ባለቤት የሌለው» ብሎ መዝግቦ የሳምንቱን ምግብ ሰኞ ጠዋት ቆሻሻ ውስጥ ደፋው። ደግነቱ ድስቱን መለሰልን።

ሦስተኛ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በተከታዩ እሁድ ቅጹ አንድ ስም ከፈለገ አንድ ስም ይኑረው ብዬ የራሴን ስም ድስቱ ላይ በቀለም ጻፍኩ። የጽዳት ሠራተኛ በተማሪዎች ፍሪጅ ምግብ ማስቀመጥ የተከለከለ መሆኑን ያወቅሁት ድስቱ ከተወሰደና ማብሰያ ክፍሉ «ለማጣራት» ከተቆለፈ በኋላ ነው። ማጣራቱ አራተኛ ወሩን ይዟል። ልጆቹን ጦማቸውን ያሳደርኳቸው መመሪያዎን ለማክበር ስሞክር መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እርስዎን ግን እንቅልፍ እንደማይነሳዎት አምናለሁ።

አራተኛ፤ በተቆለፈው በር ላይ ስላሰቀሉት «የተመጣጠነ ምግብ ለንቁ አእምሮ» የሚል ትልቅ ሥዕል እናመሰግናለን። ፍራፍሬዎቹን በየቀኑ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። ልጆቹ ከሥሩ ቆመው ደረቅ ብስኩት ይበላሉ።

አምስተኛ፤ ባለመነጽሯ በፈተናው ሳምንት ደረጃው ላይ ወደቀች። ያነሳኋት እኔ ነኝ፤ እንደ ባዶ ቅርጫት ትቀል ነበር። በእርስዎ መዝገብ በእርጥብ ደረጃ ተንሸራታ እንደወደቀች ተጽፎ፣ ለእኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። በዚያ ጠዋት ደረጃውን ገና አላጠብኩትም ነበር። አባቷ መጥቶ ሻንጣዋን ይዞላት ሄዷል፤ አትመለስም። ስለዚህ ክፍሉ ይከፈት ብዬ አልለምንዎትም። የተራበው ልጅ እየሄደ ነውና ቅሬታውም በራሱ ጊዜ ያልቃል።

ጠረጴዛዎን በየጠዋቱ የምወለውል፣ የተጻፈልዎትን ሁሉ ከቅርጫት አንስቼ የማነብ፣
ታዛዥዎ የሦስተኛው ፎቅ ጽዳት ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ድስቴን አግኝቼዋለሁ። ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ተቀምጧል፤ ስሜም አልለቀቀም። ስለዚህ በመመሪያው መሠረት ባለቤት አለው። አይጨነቁ፣ አልወስድብዎትም፤ እስካሁንም በሞላ ቁጥር የምደፋልዎት እኔ ነኝ።