ያልተነሳው ሳምንት

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ
ድሮኑን ጠዋት አበረርኩ። ንፋሱ ገና አልበረታም። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ከላይ ሲታይ ቆርቆሮና አቧራ... መሃሉ ላይ የእኛ ሕንፃ። የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ የአርማታው ወለል፣ በቅርቡ ነው የተሞላው። እስኪጠነክር ከሥሩ የቆሙት የድጋፍ ብረቶች በጎን በኩል ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ገጣጥሞ ሕንፃውን ስክሪን ላይ ያቆመዋል፤ ካለፈው የተለወጠውን በቀይ ይቀባል። ዓብዲቃድር፣ የሳይቱ ኃላፊ፣ ቢሮው ሆኖ እሱን ነው የሚያየው። ወደ ሥራው መውረድ ከተወ ቆየ።
ምሳ ከጋሽ እንየው ጋር። የአናጢዎቹ ካቦ ነው። ሀርጌሳ ስመጣ አንድም ሰው አላውቅም ነበር፤ አያሃ ሰፈር ያለው ቤታቸው ያስጠጉኝ እሱና ሚስቱ ብርቅነሽ ናቸው። ወንድሟ ቸርነትም ከእሱ ሥር ይሠራል። ዛሬ ድሮኑን አይቶ እጁን ሲያውለበልብ ተነስቷል። "አምሮብኛል?" ይላል ደግሞ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ
ንፋስ። ድሮኑን ከሳጥኑም አላወጣሁት።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ
ረገብ ሲልልኝ ቶሎ አብርሬ ፎቶውን ላክሁ። ደክሞኛል።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ
ሶሌታው ወደቀ። ቸርነት ከሥሩ ነበር። ጋሪ ሊያወጣ ነው የገባው... ጋሪ።
ጋሽ እንየው አርማታውን በእጁ ሲቧጥጥ አየሁት። ብረት ቆራጮቹ ደርሰው አወጡት። አልሞተም። "እግሬስ?" ይላል። እግሩ እዚያው ነው። አይሰማውም እንጂ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ
ዓብዲቃድር ጠርቶ ስክሪኑን አሳየኝ። የድጋፍ ብረቶቹ የተነሱት ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12 ነው ይላል ፕሮግራሙ። በሩ ላይ ፊት የሚያነበው ማሽን ደግሞ ቅዳሜ ያስገባው የእነ እንየውን ቡድን ብቻ ነው ይላል። ሁለቱን አገናኟቸው፣ አለቀ። ከሰዓት ፖሊስ ጋሽ እንየውን ወሰደው።
ቅዳሜ? ቅዳሜ ማን ፎቶ አነሳ?
ከሐምሌ 3 እስከ 14 ምንም የለም። ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ከፊቱና ከኋላው ተነስቶ መሃሉን ይገምታል። የገመተውን ፎቶ አስመስሎ ያስቀምጣል። ይሄንን ለዓብዲቃድር ነገርኩት። "ሲስተሙ አይሳሳትም" አለኝ።
ሰኞ ቀዩ ስክሪኑ ላይ ነበር። ብረቶቹ እንደሌሉ ይታይ ነበር። እሱም አላየውም፣ እኔም አላየሁትም... አንዳችን እንኳ ብናይ?

ሐምሌ 20፣ እሑድ
ከብርቅነሽ ጋር ፖሊስ ጣቢያ። ጋሽ እንየው ከስቷል።
"ቅዳሜ ስንገባ ግማሹ ብረት የለም። ለዓብዲቃድር ነገርኩት። 'ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ነው፣ ይመለሳል' አለኝ።"
"በምን ነገርከው? በስልክ? በጽሑፍ?"
"በአፌ ነዋ።"
በአፉ። በአፍ የተባለውን የሚያስቀር ማሽን ሳይቱ ላይ የለም።
"የእኔን ተዪው፤ ቸርነት ምን ይላል?" አለኝ።
ብርቅነሽ መሬት መሬት አየች። የድርጅቱ ሰዎች ሆስፒታል ድረስ ሄደው፣ ብረቱን ያነሳው እንየው ነው ብለው የቅዳሜውን ምስል በስልክ ለቸርነት አሳይተውታል። ባሌን ወይስ ወንድሜን ልመን፣ እያለች ስታለቅስ መጣን።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ
ማህዲ የቢሯችን አስተርጓሚ ነው፤ የዚሁ አገር ሰው ቢሆንም ድሬዳዋ ነው ያደገው። ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። የምንሠራበት ድርጅትና የሕንፃው ባለቤት እየተካሰሱ ነው፤ ውላቸው ጠብ ከተነሳ በኦንላይን ይዳኛል ይላል። ዳኛዋ ናይሮቢ ናት። ፖሊስም የእሷን ቃል እየጠበቀ ነው።
"በፊት ቢሆን ሽማግሌዎች ይቀመጡ ነበር" አለ። "ሰውየው ራሱ ፊታቸው ቆሞ ይናገራል።"
"ጋሽ እንየውስ አሁን አይናገርም?"
"እሱ ተከራካሪ አይደለም።"
ተከራካሪ አይደለም! ክርክሩ ሁሉ ስለ እሱ ሆኖ...
ዓብዲቃድር ወረቀት አቀረበልኝ። ምስሎቹ ሙሉ ናቸው ብዬ እንድፈርም። የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ እንደሆነም አስታወሰኝ። ማህዲ አቀርቅሮ ወረቀቱን ተረጎመልኝ። ዓብዲቃድር ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ "ወላሂ እኔ ብሆን አልፈርምም" አለኝ።
ቀላል ነው ለእሱ። አገሩ ነው።
አልፈረምኩም።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ
ባልፈርምም ድሮኑን የማበረው እኔ ብቻ ነኝና ድርጅቱ ምስሉን እንዳስረዳ የኦንላይኑ ችሎት ፊት አቀረበኝ። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ፊቶች። መስመሩ ሁለቴ ተቋረጠ። የዳኛዋ ድምፅ እየተቆራረጠ ይመጣል።
"የሐምሌ 12ን ምስል ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"
"ማንም አላነሳውም። ያን ሳምንት ድሮኑ አልበረረም። የምታዩት የፕሮግራሙ ግምት ነው።"
"ታዲያ ብረቶቹን ማን አነሳቸው?"
"አላውቅም። ፕሮግራሙም አያውቅም።"
መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እየጻፈች ኖሯል።
ከሰዓት የይለፍ ቃሌ አልሠራ አለ። በሩም ፊቴን አላነብ አለ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ
ማህዲ ደወለ። ዳኛዋ የዚያ ቀን ምስል ማስረጃ ሊሆን አይችልም ብላለች። ጋሽ እንየው ተለቀቀ።
ልደሰት ነበር... ከጣቢያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። ጋሽ እንየው በሩ ላይ እንደቆመ ቸርነት አየው።
"ፎቶውን አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።"
"ስህተት ነው ተብሏል እኮ" አልኩት እኔ።
"ማን አለ?"
"ዳኛዋ።"
"ዳኛዋ እዚያ ነበረች?"
አልነበረችም። እኔም አልነበርኩም። ማስረጃው ፈረሰ፣ የልጁ ዓይን ውስጥ የቀረውን ማን ያፍርሰው?
"ብርቄ፣ በሩን ዝጊው" አለ ቸርነት። ጋሽ እንየው ውጪ ቀረ።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ
ፈቃዴ አልታደሰም። ነገ በወጃሌ ድንበር በኩል ወደ አገሬ እወጣለሁ። ሥራ የለኝም፤ እዚያ ስደርስ ምን እንደምሆን አላውቅም።
ልሰናበታቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሽ እንየው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። በየቀኑ ይመጣል፣ አይገባም። ቸርነት ጀርባው እንዳይቆስል መገላበጥ አለበት። ብርቅነሽና እኔ ሞከርን፤ አቃተን፣ አመመው። ጥርሱን ነክሶ ቆየና፣
"ጥሩት" አለ።
ገባ። አንድ እጁን ትከሻው ሥር፣ አንዱን ወገቡ ሥር ሰደደ። ቀስ አድርጎ አዞረው። ቸርነት ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ጋሽ እንየው ትራሱን አስተካከለለትና ወጥቶ ቦታው ተቀመጠ።
ብርቅነሽ እንደ ልማዷ በሩን ልትዘጋ ተነሳች።
"ተዪው" አላት ቸርነት፣ ከግድግዳው ሳይዞር።